ሬታ ያቆመችው ግድግዳ

በእኛ ሸለቆ፣ በቴነሲ ተራሮች ውስጥ፣ ሬታ ማሽበርንን የማያውቅ የለም። ዘመድ የሆነውም ያልሆነውም «አክስት ሬታ» ነው የሚላት። የተወለደችው የአባቷ አያት በሬ ጠምዶ ተራራውን ተሻግሮ ሲመጣ በሠራት የግንድ ቤት ውስጥ ነው። አንድ ክፍል፣ አንድ የድንጋይ ምድጃ፣ በመሰላል የሚወጣበት ቆጥ፤ በቃ።

ዐሥራ ዘጠኝ ዓመት ሲሆናት፣ የመጋቢት ነፋስ አንድ ትልቅ ዛፍ ጥሎ የቤቱን የጓሮ ግድግዳ ሰበረው። ደግነቱ ሰው አልተጎዳም። አባቷ ዋይሊ ግን ከዓመት በፊት ግንድ ወድቆበት ወገቡ ስለተሰበረ ከወንበር አይነሳም፤ ወንድም ደግሞ የላትም። ጎረቤታቸው ሃርሊ ፕሮፊት መጥቶ ፍርስራሹን አየና ራሱን ነቀነቀ።

«ዋይሊ፣ ተወው ይሄን ቤት። ከተማ ውረዱ ይሻላል።»

«እኔ እሠራዋለሁ» አለች ሬታ።

«ምኑን? የዶሮውን ቤት?» ሃርሊ ከት ብሎ ሳቀ።

አባቷ አልሳቀም። «መጥረቢያውን አምጪው» አላት።

በዚያ ዘመን ቼስትነት የሚባለው ዛፋችን በሽታ ገብቶበት እንደቆመ ደርቆ ነበር። ሬታ ዐሥራ አንዱን ቆርጣ በበቅሎ እየጎተተች አወረደች። መጎተቱስ አልከበዳትም። ፈተናው ግንዱን ጠርቦ ጠፍጣፋ ማድረግና ጫፉን እንደ ወፍ ጅራት ሰፋ አድርጎ መቁረጥ ነበር፤ ግንዶቹ ማዕዘኑ ላይ ያለ ምስማር ተናክሰው የሚቆሙት በዚያ ነው። አባቷ ከወንበሩ ሆኖ ይጮኻል፤ እሷ ትቆርጣለች፤ ይበላሻል። ሁለት ግንድ አበላሸች። በሦስተኛው ቀን መጥረቢያውን ወረወረችው።

«በቃኝ! እጄ እምቢ አለኝ!»

«ማንኪያ በየትኛው እጅሽ ነው የምትይዢው?»

«በግራዬ። በቀኝሽ ያዢ እያልክ የምትጮህብኝ አንተ አይደለህ እንዴ?»

ዋይሊ ግራ እጇን አየና፣ «ተሳስቻለሁ። በግራሽ ያዢው» አላት። ተሳስቻለሁ ሲል የሰማሁት ያን ቀን ብቻ ነው ብላ አጫውታኛለች።

ከዚያ ወዲያ አንድም ግንድ አልተበላሸባትም። የላይኞቹን ለመስቀል ጊዜው ሲደርስ ሃርሊ ሳይጠሩት ሁለት በቅሎና ገመድ ይዞ መጣ። ስለ ዶሮ ቤት ማንም አላነሳም። በሐምሌ ስንጥቁን በጭቃ መረገችው፤ የጓሮው ክፍተትም ተዘጋ።

እናትና አባቷን እዚያው ቤት እየኖረች ቀበረች። አላገባችም። «የጠየቁኝ ነበሩ፤ ግን ሁሉም ከተማ እንውረድ ባዮች ናቸው» ትላለች።

ስድሳ ስምንት ዓመት ሲሞላት ቤቱን በቅርስነት ሊመዘግቡ ሰዎች መጡ። ከመካከላቸው አንድ ጢማም ባለሙያ በጓሮው ግድግዳ ላይ የመጥረቢያውን ምልክት በጣቱ እየዳሰሰ ብዙ ቆየ።

«ይሄኛው ግድግዳ ከሌሎቹ ይለያል፤ የግራኝ እጅ ነው። እንዴት ያለ አናጢ ነው! ስሙን ያውቁታል፣ እናቴ?»

«አሳምሬ። አሁን የያዝከውን የበቆሎ ዳቦ የጋገረልህ ሰው ነው።»

ሰውየው ዳቦውን አየ፤ እሷን አየ፤ ከዚያ ባርኔጣውን አወለቀ። ከሰዎቹ ቀድሞ የሳቀው፣ ዱላውን ተደግፎ በር ላይ የቆመው ሃርሊ ነበር።

በሩ ላይ በተሰቀለው ሰሌዳ የሷም ስም ተጻፈ። ከመዝጋቢዎቹ ጋር የተጣላችው በሌላ ነገር ነው፤ ቤቱ የጥንቱን እንዲመስል አምፖሉና ፍሪጁ ይውጡ አሏት።

«የአባቴ አያት አምፖል ቢያገኝ ኖሮ በጧፍ ዓይኑን የሚያጠፋ ይመስላችኋል?» አለቻቸው።

አምፖሉ አልወጣም። ፍሪጁን ብቻ እኔና እሷ ገፍተን ከጓሮው ግድግዳ አራቅነው፤ ሰው ሊያየው የሚመጣው የመጥረቢያዋ ምልክት እንዳይሸፈን ብላ። ከዚያ ፍሪጁን ከፍታ ቀዝቃዛ አሬራ ቀዳችልኝ።