የጥቁሯ ክኒን ምስክር

ያ ነገር እኔን ያስከፈለኝ ከኤሌክትሪክ ዕቃ ሱቄ አንድ የተበላሸ የጆሮ ማዳመጫ ብቻ ነው፤ እሱንም በነፃ ነው የሰጠሁት። የቀረውን ኪሳራ የከፈለው ሌላ ሰው ነው፤ አንድ የፊዚክስ መምህር።

ደርግ ከወደቀ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ከአዲስ አበባ ተመድቦ ወረታ የመጣ ልጅ እግር ነበር። ከሥራ ሲወጣ ሱቄ ደጃፍ በርጩማ ላይ ተቀምጦ ያጫውተኛል። አንድ የገበያ ቀን ከመሀረቡ ፈትቶ ክኒን የምታህል ጥቁር ነገር አሳየኝ።

"መዳብ አለባት፤ በጣም ስትቀዘቅዝ ኮረንቲን ያለ አንዳች መከልከል ታሳልፋለች" አለኝ።

እኔ ዕቃ የምፈትነው በባትሪ ድንጋይና በአምፖል ነው። ደንበኞች ከበውን እያዩ ሽቦውን አስነካኋት። አምፖሉ ጭል እንኳ አላለም።

"መምህር፣ ይቺ ከሰል ናት። በኩንታል ከፈለግህ አንበሳሜ ገበያ በርካሽ አለልህ።"

ገበያው ሳቀ።

"ጋሼ፣ ሲሞቃት ኤሌክትሮኖቹ እንደዚህ ገበያ ይጋፋሉ፤ አንዱ ለሌላው መንገድ አይለቅም። ሲቀዘቅዙ ግን ጥንድ ጥንድ ሆነው ያልፋሉ።"

"ምን አስማማቸው?"

"እሱን አዋቂዎቹም ገና አልጨረሱትም።"

"እንግዲያ የማታውቁትን ነዋ የምታስተምሩ!"

በሳምንቱ ተማሪዎቹ "መምህር ከሰል" ይሉት ጀመር። ክፍል ሲገባ ጠረጴዛው ላይ ከሰል ይጠብቀዋል። ስሙን ያወጣሁት እኔ ነኝ፤ ያኔ ኮርቼበታለሁ።

እሱ ግን በነፃ ከሰጠሁት የተበላሸ የጆሮ ማዳመጫ ትንሿን ማግኔት አውጥቶ፣ እዚያው ወረታ አጠገብ ቁሐር ሚካኤል ላሞች ሊያዳቅል የመጣ ባለሙያ ዘንድ ይዞኝ ሄደ። ባለሙያው የኮርማ ዘር የሚያቆይበት ፈሳሽ ናይትሮጅን አለው፤ ከቅዝቃዜው የተነሳ ይጨሳል። አንድ ስኒ ቀዳለት። "ከዚህ በላይ ብሰጥህ ዘሩ ይበላሽብኛል" አለ፤ ዕቃውን ጭኖም ወደ ሌላ ወረዳ ሄደ።

መምህሩ ክኒኗን ነከራት፤ ማግኔቷን በላይዋ ለቀቃት። አልወደቀችም። አየር ላይ ቆመች። በጣቴ ብነካት ዞረች እንጂ አልወረደችም። ከሥሯ ስንጥር አሳለፍኩ፤ ክር የለም። የማታለያ ዓይነት ብዙ አውቃለሁ፤ በከፊሉም ነግጄበታለሁ። ይሄ ግን እውነት ነበር።

"ጋሼ፣ ፈሳሹ ተንኖ አለቀ፤ ምስክሬ እርስዎ ብቻ ነዎት። ያዩትን ይንገሩልኝ" አለኝ። እሺ አልኩት።

በገበያው ቀን ተማሪዎቹን ይዞ መጣ። እነዚያው ደንበኞችም ቆመዋል።

"ይንገሯቸው ጋሼ፤ ምን አዩ?"

አፌን ከፈትኩ። አንዱ ከኋላ "ከሰሉ በረረ እንዳይለን ብቻ!" አለ። ሰው ሁሉ እኔን ያያል። እኔ ደግሞ በዚህ ገበያ "ተሳስቻለሁ" ብዬ አላውቅም።

"ጭስ አየሁ" አልኩ።

ሳቁ ከመንገዱ ማዶ ተሰማ። መምህሩ ክኒኗን በመሀረቡ ቋጥሮ "እሺ ጋሼ" አለና ሄደ። ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። አሁንም በትምህርት ቤቱ አጥር ሳልፍ አንገቴን እደፋለሁ።

በዚያው ዓመት ዝውውር ጠይቆ ወጣ። የእኔ ስም አልተነካም። እውነቱን እስከ ዛሬ ለማንም አልተናገርኩም።