ሸራ ላይ የተዘረጉ የልጆች መጻሕፍት

ፒያሳ በነበረው መጽሐፍ ቤት ሥራ የጀመርኩ ዕለት መጥረጊያ የሚሰጡኝ መስሎኝ ነበር። ባለቤቱ ጋሽ ሰይድ ግን ከባንኮኒው ጀርባ ዱካ ሳቡልኝና አዲስ የገቡ የልጆች መጻሕፍት ጭኔ ላይ ቆለሉልኝ።

«እስከ ምሳ አንብቢ» አሉኝ።

«ደንበኛ ቢመጣስ?»

«እኔ አለሁ። አንቺ ያላነበብሽውን ለሰው ልጅ አትሰጪም።»

በዚህ ዓይነት የልጆችና የወጣቶች መደርደሪያ ኃላፊ ሆንኩ። ኃላፊ ይባል እንጂ ከሥሬ ማንም አልነበረም። አዲስ የታተመ መጽሐፍ ሲመጣ መጀመሪያ እኔ ቤት ያድራል። ካነበብኩት በኋላ ለየትኛው ዕድሜ እንደሚሆን በእርሳስ ብጣሽ ወረቀት ላይ ጽፌ ሽፋኑ ውስጥ እሸጉጣለሁ። ካልወደድኩትም እጽፋለሁ። «ሥዕሉ ያምራል፣ ታሪኩ ግን ስብከት ነው።»

ወላጆች ብዙውን ጊዜ የሚፈልጉት «ምክር ያለው» መጽሐፍ ነው። አንድ አባት ልጁን አጠገቡ ገትሮ «ይኼ ልጅ ማንበብ አይወድም፤ እስቲ የሚገሥጸው ነገር ስጪኝ» አለኝ። ልጁ ጫማውን ያያል።

ጎንበስ ብዬ «ያለፈውን መጽሐፍ የቱ ጋ ተውከው?» አልኩት።

«ውሻው የጠፋ ጊዜ። ከዚያ በኋላ ስለ ውሻው አያወራም።»

ማንበብ የሚጠላ ልጅ አልነበረም፤ ስለ ውሻው ተጨንቆ ነው። ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ውሻ ያለበት ታሪክ ሰጠሁት። አባትየው እየሳቀ ከፈለ።

በኋላ መጽሐፍ ቤቱ ያለበት ሕንፃ ሊፈርስ ሆነ። ጋሽ ሰይድ ዕድሜያቸው ገፍቶ ስለነበር ሌላ ቤት መከራየት አልፈለጉም። የልጆቹን መጻሕፍት «ያንቺ ናቸው፣ ውሰጃቸው» አሉኝ። በካርቶን አሳሰርኩና ወደ ስድስት ኪሎ ወሰድኳቸው። የአንድ ፎቶ ኮፒ ቤት ባለቤት በረንዳው ላይ ሸራ እንድዘረጋ ፈቀደልኝ።

ሥራው ያው ነው፤ መጻሕፍቱም ያው ናቸው። ነገር ግን ባንኮኒ ጀርባ ቆሜ የሰው ዐይን እያየሁ ኖሬ፣ አሁን መሬት ቁጭ ብዬ የማየው የሰው ጫማ ሆነ። አፈርኩ። የድሮ ደንበኛ ከሩቅ ሳይ ነጠላዬን እስከ ዐይኔ ድረስ እስባለሁ። ሰው ሲጠይቀኝ አንገቴን ሳላቀና ዋጋውን ብቻ እናገራለሁ። ስለ መጽሐፉ አንድም ቃል አልጨምርም። እህቴ ስድስት ኪሎ ሱቅ የከፈትኩ መስሏት እንኳን ደስ አለሽ ስትለኝ አመስግኜ አለፍኩ።

ሙና የምትባል ወርቅ ቤት ያላት ደንበኛ ነበረችን። ልጇ ሒክማ በሥዕል መጽሐፍ ጀምራ እኔ እየመረጥኩላት ነው ለወጣት መጻሕፍት የደረሰችው። አንድ ከሰዓት በኋላ ሁለቱ መጥተው ሸራዬ ፊት ቆሙ። ነጠላዬን ሳብኩ።

«ይኼ ስንት ነው?» አለች ሒክማ። ነገርኳት።

ልጅቷ ቁጢጥ ብላ ከነጠላው ሥር አየችኝ። «እትዬ ጽጌ! ድምፅሽን አወቅኩት።»

ሙና ደነገጠች። «ውይ ጽጌ! እዚህ ነሽ?» አለችና ድምጿን ዝቅ አደረገች፤ ዝቅ ያደረገች ቢመስላትም መንገደኛው ይሰማል። «የሒክማ ልብስ እቤት ሞልቷል፣ ምንም ያልሆነ። ለልጆችሽ ነገ ላምጣልሽ?»

ክፋት አልነበረባትም። ጆሮዬ ግን ጋለ። ፎቶ ኮፒ የሚጠብቁት ተማሪዎች ዞር ብለው አዩኝ። ሸራው ላይ ያሉትን መጻሕፍት ማስተካከል ጀመርኩ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።

«ማሚ፣ ልብስ ማን ጠየቀሽ?» አለች ሒክማ። እሷም አፍራ ዐይኗ እንባ አቅርሯል። «እኔ መጽሐፍ ነው የምፈልገው። እትዬ ጽጌ፣ የሚመርጥልኝ ሰው አጥቼ ነው የከረምኩት።»

ቀና አልኩ። «የመጨረሻው የቱ ጋ ሰለቸሽ?»

«ልጅቷ ድንገት ጨዋ የሆነችበት ጋ። እናቷ መከረቻትና በአንድ ምዕራፍ ተለወጠች። እንደዚህ ያለ ሰው አለ እንዴ?»

ሳቅ አመለጠኝ፤ ነጠላውም ወረደ። ከካርቶኑ ሥር አንድ አዲስ መጽሐፍ አወጣሁ። ፈተና ወድቃ ለቤተሰቧ መናገር ያቃታት፣ ጠዋት ጠዋት ዩኒፎርሟን ለብሳ የምትወጣ ልጅ ታሪክ ነው።

«ሁለት ቦታ አናዶኛል» አልኳት። «ግን ማንም አይመክራትም።»

መጽሐፉን ገዝተው ሲሄዱ ሸራዬን ጠቅልዬ ቤቴ ገባሁ። የልብሱ ነገር ከጆሮዬ አልጠፋ አለ። ለቀናት ሳልወጣ ቀረሁ፤ ሌላ ሥራ እፈልጋለሁ ብዬም ቆርጬ ነበር።

የፎቶ ኮፒ ቤቱ ባለቤት ደወለልኝ። «አንዲት ልጅ በየቀኑ እየመጣች ትጠይቅሻለች። ምን ልበላት?»

«ነገ እመጣለሁ በላት» አልኩ። ለምን እንዳልኩ አላውቅም።

ሒክማ ጓደኞቿን አስከትላ መጣች። መጽሐፉን አልወደደችውም። «መሃሉ ይጎተታል» አለችኝ። «እነሱ ደግሞ ሳያነቡት መጨረሻውን ስለነገርኳቸው ተቆጡኝ። ለእነሱ ሌላ ምረጪላቸው።» ነጠላዬን ትከሻዬ ላይ ጥዬ አንድ በአንድ ጠየቅኳቸው። ያን ዕለት ስንት ሰው አጠገባችን እንዳለፈ አላየሁም።

ሙና በሌላ ቀን ብቻዋን መጣች። ልብስ አልያዘችም።

«ያን ቀን አሳፈርኩሽ» አለችኝ።

«አዎ» አልኳት። ከዚያ ካርቶን ገልብጬ አስቀመጥኳትና ለሒክማ ታናሽ ወንድም የሚሆን መጽሐፍ አሳየኋት።

እፍረቱ ጨርሶ አልለቀቀኝም። ለእህቴ ግን ሱቅ ሳይሆን ሸራ መሆኑን ነግሬያታለሁ።

ወደዚህ ሥራ ለምትገቡ ወጣቶች የምለው አንድ ነገር ነው። ልጅ መጽሐፍ ሲያስመርጥ የሻጩን ፊት ያያል። ሱቅም ይኑራችሁ ሸራ፣ ያነበባችሁትን ቀና ብላችሁ ንገሩት።