ወደ ግርጌ የወረደችው መስመር

ከንጋቱ 12 ሰዓት፣ ሽሮ ሜዳ

ከቤት ስወጣ ከእንጦጦ ቅጠል ተሸክመው የሚወርዱት እናቶች ገና አልደረሱም። ብርዱ አጥንት ይገባል። ቦርሳዬ ውስጥ ሁለት መጽሐፍ ቅዱስ ይዣለሁ፤ አንዱ የአባባ አሮጌው ነው፣ ሌላው ከተርጓሚዎቹ ጋር የሠራሁበት አዲሱ ትርጉም።

አባባ የተኙት ጳውሎስ ሆስፒታል ነው፤ ቤተሰብ ሰብስቡ ተብለናል። የሚፈልጉት አንድ ነገር ነው። ታናሽ ወንድሜ ጌትነት፣ አብም ወልድም መንፈስ ቅዱስም የአንዱ የኢየሱስ ስሞች ናቸው ወደሚሉት ከሄደ ወዲህ ፊቱን አላዩትም። አሁን ይምጣ አሉ። በዮሐንስ መልእክት በሰማይ የሚመሰክሩት ሦስት እንደሆኑ፣ ሦስቱም አንድ እንደሆኑ ከአፉ ልስማና መርቄው ልሙት አሉ። አባቱ ሳይመርቀው የቀረ ልጅ በሰፈራችን ምን እንደሚባል ጌትነትም ያውቀዋል።

1 ሰዓት ተኩል፣ አዲሱ ገበያ

ጭቃ፣ የድንች ጆንያ፣ የረዳቶች ጩኸት። ጌትነት ጎሚስታ ቤቱን ለባልደረባው ትቶ ወጣ። አሮጌውን መጽሐፍ ሳወጣለት እጁን አልዘረጋም። የማላምንበትን አላነብም ብሎ አዲሱን ወሰደ።

አዲሱ ላይ ያቺ የሦስቱ ምስክሮች መስመር የለችም። በጥንታዊዎቹ የግሪክ ቅጂዎች ስለማትገኝ ወደ ግርጌ ማስታወሻ ትውረድ ካሉት አንዷ እኔ ነኝ። እውነት ስለሆነ ነው ያልኩት፤ ዛሬም እውነት ነው። ጌትነት ያንን ገጽ በጉባኤያቸው እየከፈተ ሥላሴ ሰው የጨመረው ነው እያለ እንደሚያስተምርበት የሰማሁት ከታተመ በኋላ ነው። ሥላሴ በአንድ መስመር የቆመ አይደለም፣ በአብ በወልድ በመንፈስ ቅዱስ ስም አጥምቁ የሚለውስ አልኩት። ሳቀብኝ።

ታክሲ ውስጥ ክፉ ሐሳብ መጣብኝ። የጥቅሱ ቁጥር እንደሆነ አዲሱም ላይ እዚያው አለ፣ ቃሉ አጠረ እንጂ። አባባ ደክመዋል፣ አያስተውሉም፤ ይመርቁትና ይለፍ። በቃ ከአዲሱ አንብብላቸው አልኩት።

3 ሰዓት፣ ጳውሎስ

ፋርማሲው፣ ነጭ ጋውን የለበሱት ተማሪዎች፣ ብርቱካን ሻጮቹ፣ ሁሉም ይጋፋል። አባባ አልጋው ላይ አንድ ክንድ አክለዋል። ጌትነት ጉልበታቸውን ሳመ፣ እሳቸውም ጭንቅላቱን ያዙት። ተመስገን፣ ታረቁ ብዬ ዞሬ አለቀስኩ።

ማንበብ ጀመረ። የአባባ ከንፈር በቃል ይከተለዋል። እዚያች ቦታ ሲደርስ ከንፈራቸው ብቻውን ቀጠለ።

"አንዷን ዘለልክ፣ ልጄ።"

"አልዘለልኩም አባባ። የለችም። እሷ ነች ያወጣቻት፣ ይጠይቋት።"

"አንቺ ነሽ?"

አልጠፋችም፣ ግርጌ ላይ አለች፣ እምነቴም ያው ነው አልኩ። ለራሴ እንኳ የቢሮ ወሬ መሰለኝ። ካስቀመጥሽበት አንብቢልኝ አሉኝ። ማስታወሻዋ አንዳንድ የኋላ ቅጂዎች ይህን ይጨምራሉ ብላ ነው የምትጀምረው። "ይጨምራሉ" የሚለው ላይ እጃቸውን አንስተው አስቆሙኝ።

አጠገባቸው የተኛውን ታማሚ የምታስታምም፣ ስሟን የማናውቃት ሴት፣ መጥታ ከንፈራቸውን በውኃ አረጠበችላቸው። አባባ እጃቸውን አናቷ ላይ ጫኑ። ዕድሜ ይስጥሽ፣ ክፉ አይንካሽ፣ ውለጂ ክበጂ እያሉ ያላቸውን ትንፋሽ ሁሉ ለእሷ አወጡ፤ በአብ በወልድ በመንፈስ ቅዱስ ስም ብለውም ፈጸሙ። እሷ አሜን አለች። እኔና ጌትነት እግራቸው ሥር ቆመናል። እንዲያ ያለ ቅናት በሕይወቴ አላውቅም።

11 ሰዓት፣ ሽሮ ሜዳ

አባባ ስምንት ሰዓት ላይ አረፉ። አስከሬኑን ይዘን ስንመጣ እኔና ጌትነት አንድ መኪና ውስጥ ነን። እድሩ ድንኳኑን ደጃፋችን ላይ ተክሏል። ከእናቴ ጋር ያደጉት ጎረቤታችን አቅፈውኝ አልቅሰው ሲያበቁ፣ አባትሽ መርቀዋችሁ ሄዱ ወይ ብለው ጠየቁኝ። ጌትነት አጠገቤ ነበር፣ አንገቱን ደፋ።

"አዎ" አልኳቸው። "ሁለታችንንም መርቀውናል።"