ጋሽ ደምሴ የቀበሩት ንጉሥ

ልጅ ሳለሁ ጋሽ ደምሴን የበደሏቸው አባቴ ናቸው፤ ምላሴን ያዋስኳቸው እኔ። ይህን አርባ ምናምን ዓመት ውጬው ኖሬ፣ የተፋሁት በኮሮና ጊዜ ሻርጃ፣ ስድስት ሴቶች በመጋረጃ ተከፋፍለን አልጋ አልጋ በተከራየንባት ክፍል፣ ቤድ ስፔስ በምንላት ውስጥ ታምሜ ተኝቼ ነው።

ጋሽ ደምሴ የከተማችን መናፈሻ ዘበኛም አትክልተኛም ነበሩ። መናፈሻው መሀል የአንድ የድሮ ንጉሥ የነሐስ ሐውልት ቆሞ ነበር፤ ለከተማዋ ውኃ ያስገቡ ንጉሥ ናቸው እየተባለ፣ ከሞቱ በኋላ ነጋዴው አዋጥቶ ያቆመላቸው። ያኔ፣ ፀሐይ ዘቅዘቅ ስትል፣ ጋሽ ደምሴ ሲጠርጉ የዋሉትን ቅጠል ከምረው ይለኩሱና፣ ጭሱ ትንኙን እያባረረልን፣ ፋኖሳቸውን ሐውልቱ እግር ሥር አስቀምጠው የንጉሡን ታሪክ ያወሩልን ነበር። መብራቱ ከታች ሲመጣ የነሐሱ አፍንጫ ጥላ ግንባሩ ላይ ይወጣል፤ ንጉሡ በእኛ የተቆጡ ይመስላሉ። ሐውልቱ የቆመበት ድንጋይ ላይ የተቀረጸውን ጽሑፍ በጣቴ እያስነኩ ፊደል ያስቆጠሩኝም እሳቸው ናቸው። ትምህርት ቤት የረገጥኩት ለሁለት ዓመት ብቻ ነው፤ ማንበብን ከዚያ ድንጋይ ላይ ለቀምኩት።

ሐውልት የሚለውን ቃል ግን ቀድሜ የማውቀው ከቤተ ክርስቲያን ግቢ፣ ከመቃብር ላይ ነበር። ስለዚህ ንጉሡ ነሐሱ ውስጥ ቆመው የተቀበሩ መስሎኝ ኖሬያለሁ። ጋሽ ደምሴን ብጠይቃቸው «ቆሞ መቀበርማ ለጉልበት አይሆንም» ብለው ሳቁ እንጂ አላረሙኝም።

አብዮቱ መጣና ሐውልቱ ወርዶ ይቅለጥ ተባለ። በገመድ ስበው ጣሉት፤ የሚጭነው መኪና እስኪመጣ ሣሩ ላይ፣ ጋሽ ደምሴ ቅጠል ከሚደፉበት ጉድጓድ አፍ ላይ ተጋድሞ አደረ። ሲነጋ የለም። እኔ ጠዋት ስደርስ ጋሽ ደምሴ የቅጠሉን ጉድጓድ እየሞሉ ነበር፤ ከቅጠሉ መሀል የነሐስ እጅ ወጥቶ አየሁ። አዩኝ። «ንጉሥም ይደክመዋል፣ ልጄ፤ ይተኙ» አሉና እጁን አለበሱት።

የዚያኑ ቀን ራት ላይ አባቴ፣ የቀበሌው አብዮት ጥበቃ አዛዥ፣ የጠፋውን ሐውልት የሰረቀው ማነው እያሉ ይደነፋሉ። እኔ አዋቂ ልምሰል ብዬ «ጋሽ ደምሴ ንጉሡን ቀበሯቸው» አልኩ። ያልኩት ይችኑ ነው። አባቴ ነገሩ ነሐስ መሆኑን አሳምረው ያውቃሉ፤ ለበላዮቻቸው የጻፉት ግን የእኔን ቃል እንዳለ ነበር፤ ንጉሡን ቀብሯል ብለው። ያኔ ለንጉሥ ያዘነ ሁሉ አድኃሪ ነውና እንዲህ ያለ ዓረፍተ ነገር ሰው ለመብላት ይበቃ ነበር። በማግስቱ ጋሽ ደምሴን ሲወስዷቸው የለኮሱት ቅጠል ገና ይጨስ ነበር። አልተመለሱም። ሐውልቱ ተቆፍሮ ወጣና የማዘጋጃ ቤቱ መጋዘን ውስጥ ተረሳ፤ መኪናውም አልመጣም። አባቴ ተሾሙ።

እኔ አድጌ አረብ አገር ገባሁ፤ ሹግል፣ ሥራ ብዬ የሰው ቤት ስጠርግ ዕድሜዬን ጨረስኩ። ወረርሽኙ ሲመጣ ሚርዲፍ ሰፈር የነበረችው ማዳሜ ሁለቴ ማሳሌን ሰምታ ሻንጣዬን በር ላይ አወጣችው። «ያላ፣ ውጪ» አለችኝ፤ ስምንት ዓመት ካገለገልኳት በኋላ። ቢድ ስፔሱ ውስጥ ከአጠገቤ የተኛችው አልማዝ ከእኔ ይልቅ ብሶባት ነበር፤ አምቡላንስ ወሰዳት፣ ሞቷን በስልክ ሰማን። ፍራሿ ላይ የሚቀመጥ ጠፋ። አንድ ማታ አብረውኝ ያሉት ወጣት ልጆች «እትዬ ጥሩ፣ እርስዎ መጽሐፍ ያነባሉ፤ እስቲ የሆነ ነገር ያውሩን» አሉኝ። አፌ ላይ የመጣው የንጉሡ ሐውልት ነው። ፋኖሱንም፣ የቅጠሉን ፍምም፣ ጉድጓዱንም፣ የጋሽ ደምሴን መወሰድም ነገርኳቸው።

«እና ማነው ያሳበቀባቸው?» አለች አንዷ ከመጋረጃዋ ጀርባ።

«ማንም ይሁን፣ ምላሱን ነበር መቁረጥ» አለች ሌላዋ። «ዋላሂ፣ እኔ ብሆን አለቀውም።»

ሳል ደግነቱ መልስ ያስቀራል። ሳልኩላቸው።

በሁለተኛው ቀን አባቴ ደወሉ። ሐውልቱ ተወልውሎ ቦታው ተመልሷል፤ ይህን ያስፈጸመው የከተማው ኮሚቴ የሐውልቱን ታሪክ በመጽሐፍ ሊያሳትም የሽማግሌ ምስክርነት እየሰበሰበ ነው አሉኝ። «አንቺ ጽሑፍ ይሆንልሻል» አሉኝ። «ከመቅለጥ ያዳንኩት እኔ መሆኔን፣ መጋዘን የደበቅሁት እኔ መሆኔን አሳምረሽ ጻፊና ላኪልኝ። ይህ በሽታ የሚለቅመው ሽማግሌ ነው፤ ስሜን አስተካክዬ ልሙት።»

«ጋሽ ደምሴስ?» አልኳቸው።

«የቱ ደምሴ?»

እውነት ረስተዋቸው ይሁን አይሁን ዛሬም አላውቅም። የትኛው እንደሚከፋም አላውቅም። ከዚያ ሁሉ ምሽት የቀረኝ የንጉሡ ታሪክ አይደለም፤ እሱን መጽሐፍም ይነግረኛል። የቀረኝ አንድ ሰው ፊደል ሲያስቆጥረኝ ጣቴን የያዘበት አያያዝ ነው። ሚስታቸው ሞተዋል፣ ልጅ አልነበራቸውም፤ እኔ ካልጻፍኳቸው የሚጽፋቸው የለም፤ አባቴ የሚሉትን ከጻፍኩ ደግሞ ጋሽ ደምሴ ከነጭራሹ አልነበሩም ማለት ነው። ልጆቹ ሁሉ ነቅተዋል፤ ከመጋረጃው ጀርባ እንደሚያዳምጡ ይታወቀኛል። ይስሙ ብዬ ድምፄን ከፍ አደረግሁ።

«እጽፋለሁ፣ አባባ። የምጽፈው እንዲህ ብዬ ነው፦ ሐውልቱን የቀበሩት ጋሽ ደምሴ ናቸው፤ ያሳበቅሁት እኔ ነኝ፤ ጋሽ ደምሴን የቀበሩት እርስዎ ነዎት።»