በሬው፣ ቀንበሩና ጃንጥላው

ልጅ ሳለሁ ምርጫ የእንስሳት ተረት ይመስለኝ ነበር። እንዲህ እንዲመስለኝ ያደረጉት የአባቴ ታላቅ ወንድም አያ ቢተው ናቸው። ቤታቸው ከእኛ ግቢ ቀጥሎ ስለነበር ከብቱ ከገባ በኋላ የሰፈሩ ልጆች ሁሉ እዚያ እንሰበሰባለን። ያኔ መንደራችን መብራት አልነበረውም፤ የኩራዙ ጥቀርሻ አፍንጫችንን እያጠቆረ፣ የኩበቱ ጭስ ዓይናችንን እያስለቀሰ፣ ፍሙን ከብበን አፋቸውን እናይ ነበር።

የእኛ ምርጫ ክልል ፓርላማ የሚልከው አንድ ሰው ብቻ ነው። ማንበብ የሚችለው ጥቂት ስለሆነ በየዕጩው ስም አጠገብ ሥዕል ይታተማል፤ መራጩ አውራ ጣቱን ቀለም ውስጥ ነክሮ በፈለገው ሥዕል ላይ ያሳርፋል። አያ ቢተው የሰዎቹን ስም አይጠሩም። በሥዕላቸው ብቻ ነው የሚያወሩት።

«በጃንሆይ ጊዜ አንበሳው ገባ» ይሉናል። «አንበሳ ቆሞ ሳለ ሌላውን ማን ደፍሮ ይነካል?»

በደርግ ጊዜ ደግሞ ዝሆኑ ገባ። «እሱማ ሳይወዳደር ነው የገባው!»

ያኔ አንበሳውም ዝሆኑም እውነተኛ አውሬ መስለውኝ፣ በሉማሜ በኩል አስፋልቱን ይዘው ወደ አዲስ አበባ ሲሄዱ ይታዩኝ ነበር።

ሁሉም ከመሄዳቸው በፊት አንድ ቃል ይገባሉ፦ ከመንደራችን በታች ባለው ወንዝ ላይ ድልድይ እናሠራለን። ወንዙ በበጋ ቁርጭምጭሚት አይደርስም። ክረምት ሲሞላ ግን ከአስፋልቱም ከደብረ ማርቆስ ሆስፒታልም ይቆርጠናል።

እኛ ልጆቹ አብልጠን የምንወደው የበሬውን ነው። ደርግ ከወደቀ በኋላ በተደረገ ምርጫ ሦስት ሰዎች ቀረቡ። የአንዱ ሥዕል በሬ፣ የሌላው ቀንበር ነበር፤ ሁለቱም ያገራችን ሰዎች ናቸው። ከከተማ የመጣው ሦስተኛው ሥዕሉ ጃንጥላ ነው። ገበሬው ወረቀቱን ተቀብሎ አየ። በሬ ያለ ቀንበር ምን ያርሳል? ቀንበርስ ያለ በሬ ምን ይሠራል? ብዙው ሰው በሁለቱም ላይ ጣቱን አሳረፈ። በሁለት ሥዕል ላይ ጣት ያረፈበት ወረቀት ሁሉ ውድቅ ሆነ፤ ጃንጥላው በጥቂት ድምፅ አለፈ።

«አይ ያገሬ ሰው!» ይላሉ አያ ቢተው ጉልበታቸውን እየመቱ። «ምርጫ ጣቢያ ገብቶ ጠምዶ ወጣ እኮ!»

ሚስታቸው እታለም ከእንዝርታቸው ቀና ይላሉ። «አንቱስ? አንቱ ምን አደረጉ?»

«እኔማ ሞፈሩን ፈልጌ አጣሁት።»

ቤቱ በሳቅ ይሞላል። አንድ ማታ ሳቁ ሳይበርድ፣ «ድልድዩን የትኛው ሠራው?» ብዬ ጠየቅሁ። ሳቁ ባሰ።

«ስሙት ይህን ልጅ! ፓርላማ መላክስ እሱን ነበር» አሉ አያ ቢተው። ቀልድ የተናገርሁ መስሎኝ እኔም አብሬ ሳቅሁ።

አደግሁ፣ ትንሽ ተማርሁ፣ አገባሁ። አያ ቢተው አረፉ። የምርጫ ክልላችንም ተሰርዞ ከጎረቤቱ ጋር ተጠቃለለ። ወሬውን ስንሰማ ማንም አልከፋውም። እንዲያውም እኔ፣ «በሬው ተሸጠ፣ ቀንበሩም ማገዶ ሆነ በሉኛ!» ብዬ ጠላ ቤቱን አሳቅሁት።

ባለፈው ነሐሴ ልጄን ዮናስን ትኩሳት ያዘው። ሲነጋ ታቅፌው ከጎረቤቶቼ ጋር ወረድሁ። ወንዙ ሞልቷል። ገመድ አምጥተው ሞከሩ፤ አልሆነም። ማዶ የጠራነው ባጃጅ ቆሞ ይታየናል። ሾፌሩ እጁን ያወዛውዛል፤ ድምፁ ግን አይሰማም። ዳር ቆመን ውሃው እስኪጎድል ጠበቅን። ቀትር ላይ ጎደለ። የዮናስ ሕይወት ግን ቀድሞ እቅፌ ውስጥ አልፎ ነበር።

በአያ ቢተው አልፈርድም። እሳቸው ያዩትን ነገሩን፣ ደግሞም በዚያ ጭስ ውስጥ ያስደሰተን ሌላ ነገር አልነበረም። የሚቆጨኝ የእኛ ነገር ነው። ድልድዩ የተረት ድልድይ ሆነብን፤ ተረት ውስጥ ያለን ነገር ደግሞ ማንም ሄዶ አምጡ አይልም። የምርጫ ክልሉ ሲሰረዝ እንኳ፣ ከእንግዲህ የምንጠይቀው ማንን ነው ያለ ሰው አልነበረም።

በቀደም ማታ ትልቋ ልጄ ትዕግሥት ምድጃው ዳር ተጠግታ ተረት ንገረኝ አለችኝ። የማውቀው ያንኑ ነው። አንበሳውን ነገርኋት፣ ዝሆኑን ነገርኋት፣ የገቡትንም ቃል ነገርኋት። በሬውና ቀንበሩ ጋ ስደርስ ሳቀች፤ እኔም ሳላስበው ሳቅሁ። ከዚያ ፍሙን በእንጨት ቆሰቆሰች።

«አባ፣ ድልድዩን የትኛው ሠራው?»

«ማንም አልሠራው።»

«ታዲያ ምኑ ነው ያሳቀን?»

ከአያ ቢተው ቤት ይዤ የወጣሁት ያን ሳቅ ብቻ ነበር።