ያልነበረው እርግዝና

በኬክ ቤቱ ጓዳ ክሬም የምትቀባዋን ሴት ባልደረቦቿ «ክሬሟ» ይሏታል። ሳቂታ ናት። የወር አበባዋ ከጠፋ ግን ከርሟል፤ ሆዷም ገፋ ገፋ ብሏል። አገጯ ላይ የሚበቅለውን ጸጉር ጠዋት ጠዋት በር ቆልፋ ትነቅላለች፤ ባሏ እንኳ አያውቅም።

አንድ ቀን ትሪ ልታነሳ ስታጎነብስ፣ ሊጥ የምታቦካዋ እትዬ ከእጇ ቀማቻት።

«ተይው! ዓይን የሌለኝ መሰለሽ? ከእንግዲህ ከባድ ነገር እንዳትነኪ!»

ጓዳው በደስታ ተናጋ። ክሬሟ «ኧረ አይደለም» ልትል አፏን ከፈተች። ልጅ ከተመኘች ስንት ዘመኗ! «እንኳን ደስ ያለሽ» ሲሏት አንጀቷ ራሰ። ፈገግ አለች፤ በዚያው ታሰረች።

ምናልባት እውነት ቢሆንስ ብላ ሐኪም ዘንድ ሄደች። ሐኪሟ በአልትራሳውንድ አየቻትና ጽንስ እንደሌለ ነገረቻት። ሆርሞኗ ተዛብቶ እንቁላሎቿ ሳይበስሉ እየቀሩ ነው፤ ጸጉሩም፣ ውፍረቱም ከዚሁ ጋር የተያያዘ ነው።

«ሕመሙ ጨርሶ አይነቀልም፣ ግን ይገራል። ጣፋጭና ነጭ ዱቄት ቀንሺ፣ አትክልትና ጥራጥሬ አብዢ፣ በየቀኑ ፈጠን ብለሽ ተራመጂ።»

«እኔ እኮ የምሠራው ኬክ ቤት ነው።»

«ሥሪው እንጂ ብዪው መቼ አልኩሽ?»

ማታውኑ ለባሏ ሁሉንም ነገረችው፤ የጓዳውን ውሸት ብቻ ዋጠችው። አብረው መራመድ ጀመሩ። የክሬም ማንኪያ መላሷን ተወች፤ ምሳዋ ምስርና ጎመን ሆነ። ሆዷ እየሟሸሸ ሲሄድ እንዳይታወቅባት ሽርጧን አላልታ ታስር ጀመር። እትዬ ደግሞ «ለሁለት መብላት ሲገባሽ!» እያለች የእሷንም የዱቄት ጆንያ ትሸከማለች።

በመጨረሻ እትዬን ወገቧን ያዛት። ግድግዳ ተደግፋ ስታቃስት ክሬሟ አላስችል አላት።

«እትዬ፣ አላረገዝኩም።»

«ውይ ልጄን! ወረደብሽ እንዴ?»

መውጫ በር ወለል ብሎ ተከፈተላት። አዎ ብትል ታቅፋት ነበር። ክሬሟ ግን መሬት መሬት እያየች፣ «አይ፤ ያኔም አልነበረም» አለች።

እትዬ ከግድግዳው ቀና አለች።

«እያወቅሽ ነው ያሸከምሽኝ?»

ከዚያ ወዲያ ለሥራ ካልሆነ አላናገረቻትም። ጓዳው ሁሉ ሰማ። ክሬሟ ሥራውን ጥላ ልትጠፋ ደጋግማ አሰበች፤ ሆኖም ጆንያዋን ራሷ እየተሸከመች፣ አንገቷን ደፍታ መዋል ቀጠለች። የእግር ጉዞዋንም አላቋረጠችም።

ከወራት በኋላ የወር አበባዋ ሥራ ላይ እያለች መጣ። ከእትዬ በቀር ጓዳው ውስጥ ማንም አልነበረም።

«እትዬ... ሞዴስ ይኖርሻል?»

እትዬ ወጥታ፣ ከገንዘብ ተቀባይዋ ለምና በሽርጧ ሸፍና አመጣችላት።

«ይኼኛው እንኳ እውነት ነው አይደል?»

«እውነት ነው» አለች ክሬሟ፤ ፊቷ እንደ እሳት ጋለ። ቀና ብላ ልታያት ግን አልደፈረችም።