ለቅሶ የማይገባበት መናፈሻ

እኛ ሰፈር ግቢ የሚባል ነገር የለም። ከላይ አስፋልቱ፣ ሆቴሉ፣ ባንኩ፤ ከታች እኛ። ቤቶቻችን ግድግዳ ለግድግዳ ተደጋግፈው የቆሙ ናቸው፤ በራቸው ቀጥታ መንገድ ላይ ይከፈታል፤ መንገዱም ሁለት ባጃጅ ሲገናኙ አንዱ ወደ ኋላ የሚመለስበት ነው። እንዲህ ባለ ሰፈር መወለድ ይቻላል። መዳርም እንደምንም ይቻላል፣ አዳራሽ ይከራያል። መሞት ግን ቦታ ይፈልጋል። ድንኳን የሚጣልበት፣ አግዳሚ የሚደረደርበት፣ ከይርጋጨፌና ከወናጎ የመጣ ለቀስተኛ አረፍ የሚልበት ሜዳ ካልተገኘ ሰው በወጉ አልተሸኘም።

ያ ሜዳ ነበረን። ከሰፈራችን በላይ፣ አንድ ትልቅ ዋንዛ የቆመበት፣ ማንም ያላጠረው ሜዳ። አባቴን ያለቀስነው እዚያ ነው። ኦርቶዶክሱም ፕሮቴስታንቱም ሙስሊሙም፣ ጌዴኦውም ጉራጌውም አማራውም፣ ሰው የሞተበት ሁሉ ድንኳኑን የጣለው እዚያው ዋንዛ ሥር ነበር። እናቴ ያልተቀመጠችበት ለቅሶ የለም። ከቀብሩ እስከ ሠልስቱ ንቅንቅ አትልም። ወገቧን እያመማት እንኳ "እማዬ፣ ኧረ ግቢና ጋደም በይ" ስላት "ለሰው ካልተቀመጥኩ ማን ይቀመጥልኛል?" ትለኝ ነበር። ሌላ ሀብት አልነበራትም፤ ዕድሜዋን ሙሉ ያጠራቀመችው ይህንኑ ነው።

ታዲያ አንድ ቀን ሜዳው መናፈሻ ሊሆን ነው፣ የሕዝብ ውይይት አለ ተብሎ ተጠራን። እኔ ሴት ልጇ ልብስ ሰፊ ነኝ፤ የስፌት መኪናዬን ሸፍኜ፣ እናቴን ደግፌ ሄድኩ። አዳራሹ ውስጥ የታሸገ ውኃ ተደርድሯል፤ ግድግዳው ላይ ደግሞ ትልቅ ሥዕል ተሰቅሏል። ሥዕሉ ላይ ያለው የእኛ ሜዳ ነው፤ ሰዎቹ ግን እኛ አይደለንም። ነጭ በነጭ ለብሰው ቡችላ በገመድ የሚጎትቱ ሰዎች ናቸው። እስቲ በፈጠራችሁ፣ ዲላ ውስጥ ቡችላ በገመድ ሲጎተት ያየ እጁን ያውጣ! አንድ ሱፍ የለበሰ ወጣት፣ በኋላ የመናፈሻው ኃላፊ የሆነው፣ ስለ ጎብኚ ብዛት፣ ስለ ፏፏቴ፣ ስለ ንጹሕ አየር ሲያወራ ዋለ። አነጋገሩ ጣፋጭ ነው፤ "እናቶቻችን፣ አባቶቻችን" ሳይል አንድ ዐረፍተ ነገር አይጨርስም። እኛም አጨበጨብን። ውኃ እያሳሳቀ ነው የሚወስደው።

እናቴ ግን እጇን አወጣች። "ልጄ፣ ሁሉም መልካም ነው። ድንኳን ግን የት ልንጥል ነው?" አለችው።

"የምን ድንኳን፣ እናቴ?"

"የለቅሶ።"

ወጣቱ ፈገግ አለ። "እናቴ፣ እኛ ስለ መዝናናት ስናወራ እርስዎ ስለ ሞት ያወራሉ! ገና ብዙ ይኖራሉ እኮ!" አለ። አዳራሹ በሳቅ ፈነዳ፤ ጥያቄዋም በዚያው ሳቅ ውስጥ አለፈ። እናቴ ነጠላዋን ሰብስባ ተቀመጠች። ቆየት ብላ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለችና "አልመለሰልኝም እኮ" አለችኝ።

መጀመሪያ ዋንዛውን ቆረጡት። ለምን ብንል "ቅጠሉ ያቆሽሻል" አሉን። ወይ ጉድ! በምትኩ ዘንባባ በመኪና ጭነው አመጡ። ቀጥለው ሣሩን ገፈፉና የፕላስቲክ ሣር አነጠፉ። በጌዴኦ ምድር እኮ ነው! ቡናው በእንሰት ጥላ፣ እንሰቱ በዛፍ ጥላ በሚያድግበት፣ ለአጥር የሰካኸው እንጨት ቅጠል አውጥቶ በሚያሳፍርህ አገር፣ የፕላስቲክ ሣር! ፀሐይ ሲመታው የተቃጠለ ጎማ ይሸታል። አጠገቡ "ሣሩን መርገጥ ክልክል ነው" የሚል ሰሌዳ ተከሉ። ከዚያ አጥሩ ታጠረ፣ የቲኬት መስኮት ተከፈተ፣ ጥበቃ ቆመ፣ ሙሽሮች በመኪና እየተንጋጉ ለፎቶ ይመጡ ጀመር።

ሽንት ቤቱንስ የት የሠሩት ይመስላችኋል? ከአጥሩ ጥግ፣ ከእኛ ጣራ በላይ። ለጎብኚ ዓይን እንዳይታይ ተብሎ! ጉድጓዱ ሲሞላ ትርፉ በትቦ ይወጣና ከየደጃችን ፊት በሚያልፈው ቦይ ይወርዳል። ከፋሲካ በኋላ ደግሞ እኛ አገር ሰርጉም ዝናቡም ተያይዘው ነው የሚመጡት። እንኳን ዘንቦብሽ እንዲያውም ጤዛ ነሽ! ከላይ ከበሮ ይደለቃል፣ ከታች ቦዩ ሞልቶ ደጃፋችን ላይ ይወጣል። ሶፍቱ፣ የሕፃናት ዳይፐሩ፣ ስሙን የማልጠራው ነገር ሁሉ የቤቴ በር መድረክ ላይ ተለጥፎ ያድራል። ቁርስ በልቼ መልሼ ያወጣሁበት ቀን ብዙ ነው። ሽታው ጨርቅ ውስጥ ይገባል። አንዲት ሙሽራ የሰፋሁላትን ቀሚስ አንሥታ አሸተተችና በሁለት ጣቷ ይዛ መለሰችልኝ። ይህችው ሙሽራ ቅዳሜ ፎቶ የተነሣችው የት ነው? እዚያው ከላይ።

ዝም አላልንም። ከእድራችን ሊቀመንበር ጋር ሆነን ኃላፊው ቢሮ ሄድን። ሊቀመንበሩ ጡረታ የወጡ ሾፌር ናቸው፤ ሰፈሩ ሁሉ ጋሼ ነው የሚላቸው። አስም አለባቸው፣ ቤታቸው ደግሞ ከቦዩ ጋር የተገጠመ ነው። ቀልድ ግን አያልቅባቸውም። ኃላፊው ቢሮው ውስጥ ሽቶ ነፍቶበታል፤ የት እንደተቀመጠ ቢያውቅ ነው። አዳምጦን ሲያበቃ "ያ ትቦ የጎርፍ ማስወገጃ ነው" አለን።

"ልጄ፣ ጎርፍ ሶፍት አይጠቀምም" አሉት ጋሼ።

አልሳቀም። "ቢሆንም ሊዘጋ አይችልም። ዲዛይኑ እንደዚያ ነው። ሽንት ቤት ዘግተን ጎብኚው የት ይሂድ?"

"እኛስ የት እንሂድ?" አልኩት። ደሜ ፈልቷል።

"ለሚመለከተው አካል እናሳውቃለን" አለና በሩን ከፈተልን። የሚመለከተው አካል ማን እንደሆነ እስከ ዛሬ አላወቅሁም። ሁለተኛም ሄድን፤ መልሱ ያው ነበር፣ ዲዛይኑ ነው።

እናቴ በዚያ የሰርግ ወቅት፣ አንድ ቅዳሜ ማለዳ ዐረፈች። ገና ሬሳዋ ሳይታጠብ በልቤ የነበረው የድንኳኑ ነገር ነው። እግዜር ይይላቸው፣ እናቴን በወጉ እንኳ ሳላለቅስላት ስለ ቦታ አሰብኩ። ጋሼ "ቆይ፣ እኔ ልለምናቸው" ብለው ዳገቱን እያለከለኩ ወጡ። መኪና ማቆሚያው ጥግ ላይ እስከ ሠልስቱ ድረስ ብቻ ፍቀዱልን ነው ያሉት። ጥበቃው ለኃላፊው ደወለለት። መልሱም "ለቅሶ በደንቡ የለም፤ የጎብኚውን ስሜት ይረብሻል" ሆነ። ጋሼ ተመልሰው ሲመጡ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀልድ አልነበራቸውም። "መንገዱ ላይ ጣሉት" ብቻ አሉ።

መንገዱ ላይ ጣልነው። ጠባብ ስለሆነ የድንኳኑ አንድ ጎን ቦዩ ላይ ዐረፈ።

ከቀብር ስንመለስ ዝናብ ጣለ። ከላይ የሰርግ መኪና ጡሩምባ ያንባርቃል፤ ስንት ሙሽራ እንደነበረ እንጃ። አንድ ሰዓት እንኳ አልቆየም፣ ቦዩ መጣ። ሴቶቹ ነጠላቸውን ወደ አፍንጫቸው ሳቡ፤ ያላወቀ ሰው እያለቀሱ ነው ይላል። ንፍሮው ሲዞር ሰው ለይሉኝታ ይዘግንና አግዳሚው ሥር ያስቀምጠዋል። እንዴት ይብላው? እግሩ ሥር ሰገራ እየፈሰሰ! ከኮንጋ በሞተር የመጡ ዘመዶቻችን ገና ሳይሞቃቸው "መንገዱ ጭቃ ሆኗል፣ ሳይመሽ" ብለው ተነሡ። ከዚያ ጎረቤት አንዱ ልጅ አመመኝ፣ ሌላው በግ አልገባልኝም እያለ ሹልክ ሹልክ አለ። አልፈረድኩባቸውም፤ እኔም ብሆን እሄድ ነበር። ግን የዚያች ለሁሉም የተቀመጠች ሴትዮ አግዳሚ ሲራቆት ሳይ አንጀቴ አረረ።

ኃላፊው የመጣው በዚህ መሐል ነው። አይግረማችሁ። ዲላ ውስጥ ለቅሶ መቅረት ነውር ነው፤ የተጣላህም ይመጣል፣ የበደለህም ይመጣል። ጥቁር ኮቱን ለብሶ፣ ሁለት ሠራተኞች አስከትሎ ገባና "እግዚአብሔር ያጽናችሁ" ብሎ ተቀመጠ። የተቀመጠው ደግሞ ባዶ ቦታ ያለው እዚያ ስለሆነ ቦዩ አጠገብ ነው። ጥቂት እንደቆየ መሐረቡን አወጣ። ከዚያ ወደ እኔ ጠጋ አለና በሹክሹክታ "እህቴ፣ ይቅርታ አድርጊልኝ፣ ይሄ ሽታ ምንድን ነው?" አለኝ።

"የእናንተ ነው" አልኩት።

"እ?"

"የእናንተ ነው! ከሽንት ቤታችሁ የመጣ ነው! የማቆሚያችሁ ጥግ ላይ ከለከላችሁን፣ ይኸው እዚህ ላይ ጣልነው!" ሳላስበው ጮኼያለሁ። ኃላፊው ጎንበስ ብሎ ቦዩን አየ፤ የሚያልፈውን ነገርም አየ። ፊቱ ልክ እንደ ዐመድ ሆነ። ስልኩን አውጥቶ ከድንኳኑ ወጣ።

ሲመለስ ከአጥሩ ጥግ የሚወርደው ውኃ እየቀነሰ ነበር። "እስከ ሠልስቱ ሽንት ቤቱ ይዘጋል" አለ፣ ሰው ሁሉ እንዲሰማው ቆሞ። "ጎብኚው ፊት ለፊት ያለውን ሆቴል ይጠቀማል፤ ተነጋግሬያለሁ። ለእናታችን ክብር ሲባል ነው።" ሴቶቹ "ተባረክ፣ ክፉ አይንካህ" እያሉ መረቁት። እኔም "እግዜር ይስጥልኝ" አልኩት። እንዳለውም ቃሉን አላጠፈም። በማግስቱ መጣጭ መኪና መጥቶ ጉድጓዱን አጸዳ፤ ቦዩ በውኃ ታጠበ፤ ኖራ ተረጨበት። ሰፈራችን መተንፈስ ጀመረ። የሄዱት ሁሉ ተመለሱ፤ የኮንጋዎቹ ሳይቀሩ። ድንኳኑ ጢም አለ፤ ንፍሮው ተበላ፤ ሰው ስለ እናቴ ተጨዋወተ፤ ተሳቀ፤ ተለቀሰ። በወጉ ተለቀሰላት።

እኔ ነገሩ የገባኝ ዘግይቶ ነው። ሁለተኛው ቀን ላይ ጋሼ ያለ ሳል ሲያወሩ ሰማኋቸውና ድንገት ደነገጥኩ። በአንድ ስልክ! ስንት ጊዜ "ዲዛይኑ ነው" ያለን ነገር በአንድ ስልክ ተዘጋ! መዝጊያው በእጁ ነበር፤ ሆቴሉ ፊት ለፊቱ ነበር፤ መጣጩ መኪና ከተማው ውስጥ ነበር። የጎደለው ሬሳ ብቻ ነበር። ምስጋናዬን መልሼ መዋጥ አማረኝ። ያ ሁሉ ሕፃን በተቅማጥ ሲሰቃይ፣ ጋሼ ሌሊት ትንፋሽ ሲያጥራቸው፣ ክብር የሚገባን አልነበርንም ማለት ነው።

በሠልስቱ ኃላፊው ለስንብት መጣ። በር ላይ ያዝኩት። "እንግዲህ እንደተዘጋ ይቅር" አልኩት፣ በልመና።

በእውነት አዘነልኝ፤ ትከሻዬን ያዘኝ። "እህቴ፣ ለለቅሶው ብለን ነው እንጂ ሁልጊዜማ እንዴት ይሆናል? ቅዳሜ ሰርግ አለን" አለኝ። የሚያናድደው ክፋት የሌለበት መሆኑ ነው። ሰላምታ ሰጥቶኝ ወደ ላይ ወጣ።

አመሻሹ ላይ ድንኳኑን አፈረስን። አግዳሚዎቹን ወደ እድሩ ዕቃ ቤት እያስገባን ሳለ ከላይ አንድ ነገር ጉርጉር አለ፤ ከዚያ ሽታው ደረሰ። ሁሉም ቆመ። ጋሼ ሻርፓቸውን አፋቸው ላይ ጠመጠሙ፤ ሲያስሉ ቆዩና "አይዟችሁ፣ እኔም በቅርቡ ሞቼ ሦስት ቀን አየር አስገኝላችኋለሁ" አሉ።

ሰፈሩ ሁሉ በሳቅ ፈረሰ። እኔም ሆዴን ይዤ ሳቅኩ። እየሳቅኩ ዓይኔ የጋሼ ደረት ላይ ዐረፈ፤ ከፍ ዝቅ ይላል፣ ያፏጫል። ከዚያ ዓይኔ መንገድ ተሻግሮ ወደ ፊት ለፊቱ ቤት ሄደ፤ እዚያ ከገና ጀምሮ ከአልጋ ያልወረደች ጎረቤት አለችን። ከሁለቱ ማን ይቀድም ይሆን ብዬ አሰብኩ። ዝናቡ ሳያልፍ ቢሆን ይሻል ነበር ብዬም አሰብኩ።

ሳቄ አፌ ላይ ቀረ። ያ ቦይ ስንት ቀን ቢያስመልሰኝም፣ የዚያን ምሽት የገዛ ሐሳቤን ያህል ግን አቅለሽልሾኝ አያውቅም።